ወረቀት ያላገኘው ሠዓሊ

እንደምን አመሻችሁ! ሥዕሉን አይታችኋል፣ ቡናውንም ጠጥታችኋል፤ አሁን ደግሞ እኔን ትንሽ ታገሡኝ። የማወራችሁ ያሱኦ ኩኒዮሺ ስለሚባል ጃፓናዊ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

በ1889 ኦካያማ ተወለደ። በ1906፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ብቻውን አሜሪካ ገባ። ሠዓሊ ልሁን ብሎ አይደለም። ፍራፍሬ ለቀመ፣ ሆቴል ውስጥ ተላላከ። ሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን አንድ አስተማሪ እጁን አይተው ሥዕል እንዲማር መከሩት፤ ከዚያ ኒውዮርክ ወረደ። መጀመሪያ ላይ የሚስለው ላም ነው፣ ላም በላም! በጃፓኖች አቆጣጠር በከብት ዓመት ስለተወለድኩ ነው ይል ነበር።

በ1919 አብራው የምትማር ካትሪን ሽሚት የምትባል አሜሪካዊት አገባ። በዚያን ጊዜ ሕግ ጃፓናዊ የአሜሪካ ዜግነት አያገኝም። እሷም እሱን በማግባቷ የራሷን ዜግነት ተነጠቀች። እኛ ትዳር ወረቀት ያሰጣል ሲባል ነው የምናውቀው፤ የነሱ ተገላቢጦሽ ሆነ።

በ1931 የታመመ አባቱን ሊጠይቅ ጃፓን ሄደ። አልተመቸውም፣ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ።

ከዚያ ፐርል ሃርበር መጣ፤ በ1941 ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ደበደበች፣ ሁለቱ አገሮች ጦርነት ገጠሙ። በአንድ ጀንበር ጠላት ተባለ፣ የባንክ ሒሳቡ ታገደ፣ የሌሎችን ሥዕል ፎቶ እያነሳ ራሱን ያስተዳድር የነበረ ሰው ካሜራውን ተቀማ። ለጓደኛው ሲጽፍ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ማንነቴ ተለወጠ ተባልኩ፣ እኔ ግን ያው ነኝ አለ። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ቢኖር ኖሮ መንግሥት ካምፕ ካጎራቸው 120 ሺህ ገደማ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች አንዱ ይሆን ነበር። እሱ ግን ለአሜሪካ መንግሥት የጃፓንን ጦር የሚያወግዙ ሥዕሎች ሠራ፣ በሬዲዮም ተናገረ። አልፈርድበትም። ሥዕሎቹን ግን አልወዳቸውም፤ እጁ የታዘዘ ይመስላል።

በ1948 ኒውዮርክ ያለው ዊትኒ ሙዚየም በሕይወት ላለ ሠዓሊ የሥራ ዘመኑን ሙሉ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዘጋጅ የመረጠው ኩኒዮሺን ነው። በ1952 ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ ከኤድዋርድ ሆፐር፣ ከስቱዋርት ዴቪስና ከአሌክሳንደር ካልደር ጋር አሜሪካን ወከለ። ወረቀት ግን የለውም! በዚያው ዓመት ሕጉ ተቀየረና ለጃፓን ተወላጆች በሩ ተከፈተ። በሜይ 1953 ሞተ። ዜግነቱ አልደረሰለትም።

ሚስተር ኤስ (Mr. Ace) የሚለውን የ1952 ሥራውን ስልካችሁ ላይ ፈልጉት። አንድ የሰርከስ አስቂኝ ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ ያያችኋል። ከሥር ያለው ፊት አዝኗል ወይስ እያሾፈብን ነው? እኔና ባለቤቴ እስካሁን አልተስማማንም።

አመሰግናለሁ።