ተወካይዎ ምን ብሎ ድምፅ ሰጠ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካ ኮንግሬስ አባላት የድምፅ መዝገብ የጀመርነው የስልክ ውይይት ሰዓት አልበቃውም። መስመር ላይ ጠብቀው ሳይገቡ የቀሩም አሉ። የተነሡትን ጥያቄዎች እዚህ በጽሑፍ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የአዲስ አበባው ጥያቄ ላይ ብቻ ወደራሳችን እመለሳለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ «በፖስታ ሁለት ወረቀት መጣልኝ። አንዱ ተወካያችንን 100 ከ100 ይሰጠዋል፣ ሌላው ዜሮ። ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው። የቱን ልመን?»

ምናልባት ሁለቱም አልዋሹም። እንዲህ ባለው የነጥብ ወረቀት ፈተናውን የሚያወጣውም የሚያርመውም ነጥቡን የሰጠው ድርጅት ራሱ ነው። በተወካዮች ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ በስም የሚመዘገበው ድምፅ ብዙ መቶ ነው። ድርጅቱ ከዚያ ውስጥ የሚፈልጋትን አሥር ሃያ ይለቅማል። የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር የጠመንጃውን፣ የሠራተኛ ማኅበሩ የደመወዙን። የቀረውን ማንም አያነሣልዎትም።

የመቅረትንም ነገር ይጠይቁ። ሊግ ኦፍ ኮንሰርቬሽን ቮተርስ የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ቡድን አለ፤ ከ1970 ጀምሮ ለኮንግሬስ አባላት ነጥብ ይሰጣል። እዚያ ድምፅ ሳይሰጥ የቀረ ሰው ብዙውን ጊዜ እንደተቃወመ ነው የሚቆጠረው። ለምርጫ ቅስቀሳ የሄደውም፣ ሆን ብሎ የሸሸውም እኩል ነጥብ ያጣሉ። ስለዚህ ወረቀቱን ይገልብጡት። የትኞቹ ድምፆች እንደተመረጡና መቅረት እንዴት እንደተቆጠረ ካልተጻፈበት ሽንኩርት ይላጡበት።

ከሲያትል አንዲት እናት፦ «ሴናተራችን ለስደተኛ ጥሩ ናት ትባላለች። ግን በ2013 ዲቪ ይቅር ብላ ድምፅ ሰጥታለች የሚሉ አሉ። ይሄ እንዴት ይሆናል?»

ይሆናል እናቴ፣ ሆኗልም። ይሄኛው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ ትንሽ ይታገሡኝ።

ጁን 27 ቀን 2013 ሴኔቱ ኤስ 744 የሚባለውን ትልቅ የኢሚግሬሽን ረቂቅ 68 ለ32 አሳለፈ። ዴሞክራቶቹ አንድም ሳይቀሩ ደገፉ። 14 ሪፐብሊካኖችም ተጨመሩ። ረቂቁ ወረቀት ለሌላቸው 11 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ወደ ዜግነት የሚወስድ መንገድ ይከፍት ነበር። ገጹን እየገለበጡ ሲሄዱ ግን ሌላ ነገር አለ። ዲቪ ይቀራል። ዜጋ የሆነ ሰው ወንድሙንና እህቱን የሚያመጣበት መስመርም ይዘጋል። በምትኩ ለትምህርትና ለሥራ ልምድ ነጥብ እየሰጠ የሚመርጥ ቪዛ ይመጣል። ረቂቁን ካዘጋጁት ስምንት ሴናተሮች አንዱ ቻክ ሹመር ነበሩ። እኚሁ ሹመር በ1990 የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሳሉ ዲቪን ከወለዱት ሰዎች አንዱ ናቸው።

መዝገቡ ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ ደገፈች። ዲቪን ለማጥፋት ነው የደገፈችው? ለ11 ሚሊዮኑ ሰው ነው? ለሁለቱም ነው። ረቂቁን ከፋፍሎ ግማሹን እደግፋለሁ፣ ግማሹን እቃወማለሁ የሚባልበት ቁልፍ የለም።

ከዚያ ደግሞ ሰባት ወር ወደ ኋላ ይመለሱ። በ2012 ሪፐብሊካኖቹ በተወካዮች ምክር ቤት ስቴም ጆብስ አክት የሚባል ረቂቅ አቀረቡ። የዲቪን 55,000 ቪዛ ወስዶ፣ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በኢንጂነሪንግና በሒሳብ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለሚመረቁ የውጭ ተማሪዎች የሚሰጥ ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በሚጠይቀው ፈጣን መንገድ መጣና 257 ለ158 ሆኖ ወደቀ። ልብ ይበሉ፣ ብልጫ አግኝቶም ወደቀ። ኖቬምበር 30 በተለመደው መንገድ ተመልሶ መጣና 245 ለ139 አለፈ። አብዛኞቹ ዴሞክራቶች ተቃወሙት። ለመሐንዲሶች ቪዛ መስጠቱን ጠልተው አልነበረም፤ ከዲቪ ላይ መወሰዱን ነው። በምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት ላይ ግን «ሳይንቲስቶችን የተቃወመ» ተብሎ ለመጻፍ ይመቻል።

እኔ ነገሩን እንደ ገበያ ነው የማየው። ዲቪን ለመሐንዲሶች ስጡን ሲባል ፓርቲው አልሸጠም። ለ11 ሚሊዮን ሰው ሲባል ሸጠ። ስለዚህ ሴናተሯ ዲቪን ትወዳለች ወይ ከማለት፣ በስንት ትሸጠዋለች ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ዋጋው ይስማማዎታል ወይ የሚለው የርስዎ ፈንታ ነው። እኔን ይስማማኝ ነበር። ወንድሜ በዚያው ሊዘጋ በነበረው መስመር ተሰልፎ ይጠብቅ ስለነበር ግን ሙሉ ልቤ አልነበረም። በመጨረሻ የተወካዮች ምክር ቤቱ ኤስ 744ን ለድምፅ ሳያቀርበው ጊዜው አለፈ። ዲቪም በዚያ ተረፈ።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ፦ «ኤችአር 128 ያለፈ ቀን እዚህ ደስታው ልዩ ነበር። ተወካያችን ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ ብፈልግ ግን ምንም የለም። ደብቀውት ነው?»

አልደበቁትም፤ መጀመሪያውንም አልተመዘገበም። በኢትዮጵያ ስለ ሰብዓዊ መብት የወጣው ያ የውሳኔ ሐሳብ ኤፕሪል 10 ቀን 2018 ያለፈው በቃል ድምፅ ነው። ሰብሳቢው የምትደግፉ ይላል፣ ይጮኻሉ። የምትቃወሙ ይላል። ደጋፊው ይበዛል ብሎ መዶሻውን ይመታል። በቃ። ከተገኙት አንድ አምስተኛው ድምፁ በስም ይመዝገብልን ካላሉ ስም አይጻፍም። በ2007 ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት ኤችአር 2003ም በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው እንዲሁ ነው።

ስም የሌለበት ድምፅ ለሁሉም ይመቻል። ማንም ተነሥቶ «እኔም ነበርኩበት» ይላችኋል። እዚህ ላይ መታየት ያለበት የተባባሪ አቅራቢዎች ዝርዝር ነው። ማን እንደፈረመ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ቀን እንደፈረመ ይጽፋል። የናንተው የዚያን ጊዜ ተወካይ ማይክ ኮፍማን ፈርመው ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በጄሰን ክሮው ተሸነፉ። አንዳንዱ ሀበሻ ይሄን እንደ ውለታ ቢስነት ያነሣዋል። እኔ አይመስለኝም። 128 የሕግ ኃይል የሌለው የአንድ ምክር ቤት ውሳኔ ሐሳብ ነው፤ ሴኔትም አይሄድም። ያው ተወካይ ግን በጤና መድኅንም፣ በግብርም፣ በጠመንጃም ድምፅ ሰጥቷል። ልጅ እያሳደገ ያለ ሰው እነዚያንም ቢመዝን ምን ጥፋት አለው?

በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ስለተነሡት ረቂቆች፣ ስለ ኤችአር 6600 እና ኤስ 3199ም ደጋግማችሁ ጠይቃችኋል። ሁለቱም ከኮሚቴ ወጥተው ለሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይቀርቡ ሞቱ። «እገሌ ለ6600 ድምፅ ሰጠ» የሚል ካጋጠማችሁ «ኮሚቴ ውስጥ ነበር ወይ?» በሉት። የአፍሪካ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚገባበት አጎአም እንደዚሁ። ኢትዮጵያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ያስወጧት ፕሬዚዳንት ባይደን ናቸው። ሕጉ ሥልጣኑን ለፕሬዚዳንቱ ስለሰጠ ኮንግሬስ አልተጠየቀም።

ከአትላንታ፦ «መጀመሪያ ደግፎ ኋላ የሚቃወም ሰው ወላዋይ አይባልም?»

በ2004 ከቡሽ ጋር ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሴናተር ጆን ኬሪ ጉድ የሆኑት በዚሁ ነው። በ2003 ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን የተጠየቀ 87 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ኬሪ ወጪው ከሀብታሞች የግብር ቅናሽ ላይ ተቀንሶ ይሸፈን የሚለውን ማሻሻያ ደገፉ። እሱ ወደቀ። የመጨረሻውን ረቂቅ ተቃወሙ። በማርች 2004 ዌስት ቨርጂኒያ ላይ ሲናገሩ፣ ከመቃወሜ በፊት ደግፌው ነበር አሉ። የቡሽ ሰዎች ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዘው ምርጫውን ዘለቁ። ገንዘቡ ያው ነበር፤ ከማን ኪስ ይውጣ የሚለው ነው የተለየው።

እኔም አንዴ ተሳስቻለሁ። አንድ ስብሰባ ላይ የያኔው የሴኔት መሪ ሃሪ ሪድ የጠመንጃ ገዢ ማጣሪያውን ተቃውመዋል ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ። መዝገቡ ላይ ተቃወሙ ነዋ! ኤፕሪል 17 ቀን 2013፣ 54 ለ46፣ 60 ስላልሞላ የወደቀው ማሻሻያ ነው። አንድ አባት ማታ ደውለው «ልጄ፣ መሪው እኮ ጉዳዩን ተመልሶ ለማንሣት ሲል ነው ወደ አሸናፊው ወገን የዞረው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። በሴኔቱ ሥርዓት እንደገና ይታይልን ማለት የሚችለው ከአሸናፊው ወገን የቆመ ወይም ድምፅ ያልሰጠ ሰው ነው፤ ማሻሻያው ስለወደቀ ደግሞ አሸናፊዎቹ ተቃዋሚዎቹ ነበሩ። ሪድ ደጋፊ ሆነው ነው የተቃወሙት።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ «የተወካያችንን ድምፅ አጣሁት።»

አያገኙትም። በ1991 የገቡት ኤሌኖር ሆልምስ ኖርተን ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ረቂቅ በሚያልፍበት የመጨረሻ ድምፅ ላይ ግን ዲሲ ድምፅ የላትም። ሴናተርም የላትም። ያቀረቡትን ረቂቅና ኮሚቴ ውስጥ ያሉትን ይዩ።

ከአዲስ አበባ፦ «እኛስ እንዲህ መመዘን እንችላለን?»

ከባድ ነው። እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ «በአብላጫ ድምፅ፣ በይህን ያህል ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ» ይባላል። ስም የለም። ከ2002 ምርጫ በኋላ በ547 ወንበሩ ምክር ቤት ከተቃዋሚ ፓርቲ የገቡት ግርማ ሰይፉ ብቻ ስለነበሩ፣ «በአንድ ተቃውሞ» ሲባል ሰው ወዴት እንደሚያይ ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን የካቲት 23 ቀን 2010ን ያስታውሱ። ለአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የድጋፍ ድምፅ መጀመሪያ 346 ተባለ። ለ539 አባላት ሁለት ሦስተኛ ደግሞ 360 ነው። በኋላ 395 ነው ተብሎ ታረመ። 88 ተቃወሙ፣ 7 ተአቀቡ። በስም የተመዘገበ ቢሆን ኖሮ ማንም ቁጭ ብሎ ቆጥሮ ይገላግለን ነበር።

ከደላስ ኤርፖርት፦ «ኡበር እነዳለሁ። ተራ ስጠብቅ አንድ ሰዓት አገኛለሁ። በስልኬ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ከራስህ እንጀራ ጀምር። ኮንግሬስ ዶት ጎቭ ገብተህ ኤችአር 842ን ፈልግ፣ የ2021ዱን። የሠራተኞች መደራጀት ረቂቅ ነው። ማን ተቀጣሪ፣ ማን የግል ኮንትራክተር ነው የሚለውን ለማኅበር መደራጀት ሲባል እንደገና ይተረጉም ነበር። ያንተን ዓይነቱን ሥራ በቀጥታ ይነካል። ማርች 9 ቀን 225 ለ206 አለፈ፤ ሴኔት ላይ ቀረ። ቁጥሩን ስትነካው ስሞቹ ይዘረዘራሉ። የተወካይህን ፈልግ። እንዳንተ ካልሆነ ለምን እንዳልሆነ ቢሮው ደውለህ ጠይቅ፤ ስልኩን ያነሣሉ።

ከዚያ ሌላ ሁለት ጉዳይ ጨምር፤ ኢሚግሬሽንና የጤና መድኅን በለው። «ኦን ፓሴጅ» የሚለውን፣ ማለትም ረቂቁ የሚያልፍበትን የመጨረሻ ድምፅ፣ እና ማሻሻያዎቹን ያዝ። የአሠራር ድምፆቹን እለፋቸው፤ እዚያ ላይ ሁሉም ከፓርቲው ጋር እንደ መንጋ ነው የሚሄደው። ያንተ ሰው ከፓርቲው የተለየበትን ቀን ስታገኝ ቆም በል።

አንድ ቀን ብቻ አግኝተህ ግን አትደምድም። ጁላይ 28 ቀን 2017 ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ሪፐብሊካኑ ሴናተር ጆን ማኬይን ከፓርቲያቸው ተለይተው አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አደረጉ። ኦባማኬርን የሚቆርጠው ረቂቅ 49 ለ51 ወደቀ። ያ ረቂቅ መድኅን ያልገዛ ሰው የሚከፍለውን ቅጣት የሚያስቀር ነበር። ዲሴምበር 2 ላይ የግብር ረቂቁ 51 ለ49 ሲያልፍ ያው ቅጣት በውስጡ ተሰርዞ ነበር። ማኬይን ደገፉት። አውራ ጣቱን ያላየ የለም፤ የዲሴምበሩን ያየ ግን ከስንት አንድ ነው።