ኅዳር ላይ ቆጥሮ «እንስሳ የለም» ማለት

ክቡራን እንግዶች፣ የፓርካችን ስካውቶች፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ለዛሬው የረግረጋማ መሬቶች ቀን ስለ ጋምቤላ አጥቢ የዱር እንስሳት እንድናገር ነው የተጠራሁት። የዝርያዎቹን ዝርዝር ከእኔ ይልቅ ስካውቶቹ ያውቁታል። እኔ የመጣሁት ስለ አቆጣጠሩ ልናገር ነው።

ከዓመታት በፊት ለነዳጅ ፍለጋ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚሠራ ቡድን መጣ። መንገድ መሪ አድርገው ወሰዱኝ። ወሩ ኅዳር ነው። ውሃው ገና አልሸሸም፤ ሳሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ወጥተን ለምሳ እንመለሳለን። ከላንድክሩዘሩ የሚወርድ የለም። እንዲህ አምስት ቀን ተቆጠረ። በሦስተኛው ቀን መኪናውን ጭቃ ያዘው። ወርደን ስንገፋ ከጎማው አጠገብ የሰኮና ዱካ አየሁ። ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ጫፉ የተፈለቀቀ። ውሃ ገና እየሞላው ነው፤ ውሃውም አልጠራም። «ይሄ ናይል ሌችዌ ነው፣ አሁን ነው ያለፈው» አልኩ። ናይል ሌችዌ ረግረግ ላይ የሚኖር ድኩላ መሰል እንስሳ ነው። የቡድኑ መሪ «በዓይን ካልታየ አይመዘገብም» አለኝ። ማታ ጉማሬው ሲያጓራ ካምፑ በሙሉ ሰማ። እሱም አልተመዘገበም። ሪፖርቱ ሲወጣ «ይህ ነው የሚባል አጥቢ የዱር እንስሳ አልታየም» ይላል። ስሜ ምስጋናው ላይ ሰፍሯል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለመሆኑ በኅዳር ነጭ ጆሮ ቆርኬ፣ ያ በመንጋ የሚሰደደው ድኩላ መሰል እንስሳ፣ የት ነው ያለው? ደቡብ ሱዳን ነው! ወደ እኛ የሚሻገረው በጋው ሲጠና፣ ውሃና ለምለም ሳር ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በደቡብ ሱዳን ቦማን፣ ባዲንጊሎንና ጆንግሌይን ከአውሮፕላን ፎቶ እያነሱ ቆጠሩ። የተቃኘው ከ120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ 5 ሚሊዮን የሚገመት ነጭ ጆሮ ቆርኬ ተገኘ። ይህን መንጋ ነው «አልታየም» የሚሉን!

ናይል ሌችዌን ደግሞ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በደቡብ ሱዳኑ ሱድ ረግረግ ላይ ከ30,000 በላይ ተቆጥሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ከ5,000 በታች ሆነ። መካከል ላይ ጦርነት ነበር፣ አደን ነበር፤ ከረግረጉ ዳር ነዳጅ መውጣትም ጀምሯል። የቱ ምን ያህል እንደጎዳው መከራከር ይቻላል። ግን የምንከራከረው የመጀመሪያው ቆጠራ ስላለ ነው። ያ ባይኖር «ድሮም ጥቂት ነበር» ይባል ነበር።

እዚህም ለቁፋሮ ከፍ ተደርጎ የሚደለደል መንገድ ውሃውን እንደ ግድብ ይይዘዋል። አዳኝም በዚያው መንገድ ይገባል። ከዚያ በኋላ መጥቶ መቁጠር ምን ይረባል?

ካሜራ ትራፕ፣ እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ፣ ይተከል። ዱካና ፋንድያ ይመዝገብ። ክረምትም በጋም፣ ሌሊትም ይቆጠር። ስካውቱ ያየው በስካውቱ ስም ይጻፍ።

እናንተም ኅዳር ላይ የተሠራ ቆጠራ ይዞ የመጣውን ሁሉ «መጋቢት ላይ ተመለስ» በሉት። እኔ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። አመሰግናለሁ።