«ደረስኩ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? የዛሬው ቃላችን አንድ ነው። አንድ ቃል ብቻ። «ደረስኩ»። በሉ እስኪ፣ «ደረስኩ» በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? «አራይቭድ» ያላችሁ እጃችሁን አውርዱ። ገና አልደረሳችሁም።

መጀመሪያ አማርኛውን እንየው። አውቶቡሱ ደረሰ። እህሉ ደረሰ። ወጡ ደረሰ፣ እንጀራ አቅርቡ። ልጁ ደረሰ፣ ሚስት ትፈለግለት። ደብዳቤው ደረሰኝ። አደጋ ደረሰበት። ዕቃ ገዝታችሁ የምትቀበሉት ወረቀት፣ ደረሰኝ። ሌባ ሲይዛችሁ የምትጮሁት፣ «ድረሱልኝ!» ትኬት ቢሮ ስትገቡ ደግሞ፣ ደርሶ መልስ። ይሄ ሁሉ አንድ ግስ ነው!

«ደረሰ» ማለት ጋቢ ነው። ጋቢን ቀን ትደርቡታላችሁ፣ ማታ ለብሳችሁት ትተኛላችሁ፣ ረጅም መንገድ ላይ ጠቅልላችሁ ትራስ ታደርጉታላችሁ፣ ብርድ ሲሆን ልጅ ትጠቀልሉበታላችሁ። አንድ ጨርቅ ነው፣ ሁሉን ይችላል። እንግሊዝኛ ግን ጋቢ የለውም። ልክ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ የሞላበት ሻንጣ ነው ያለው። ካልሲው ለእግር፣ ጓንቱ ለእጅ። የእኛ ሰው ታዲያ «አራይቭ»ን እንደ ጋቢ ሊከናነበው ይሞክራል። ካልሲ ራስ ላይ አይጠለቅማ!

በፍጥነት እንሂድ። አውቶቡሱ፣ አራይቭድ። እህሉ ወይም ፍሬው፣ ራይፕ። ወጡ፣ ሬዲ። ልጁ፣ ግሮውን አፕ። ደብዳቤው ደረሰኝ፣ «አይ ጋት ዘ ሌተር»፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ እንጂ ደብዳቤው አይደለም። አደጋ ደረሰበት፣ «ሂ ሃድ አን አክሲደንት»። ድረሱልኝ፣ «ሄልፕ!» «አራይቭ ፎር ሚ!» ብላችሁ ብትጮሁ ማንም አይደርስላችሁም። ደረሰኝ፣ ሪሲት፤ ስትጽፉት ውስጡ «ፒ» አለች፣ ስታነቡት ግን እንደሌለች ቁጠሯት። ደርሶ መልስ፣ አሜሪካ ውስጥ ራውንድ ትሪፕ፣ እንግሊዝ ውስጥ ሪተርን። መሄጃ ብቻ ከሆነ አሜሪካኖቹ ዋን ዌይ ይላሉ፣ እንግሊዞቹ ሲንግል። ለንደን ባቡር ጣቢያ «ሲንግል?» ስትባሉ ስለ ትዳራችሁ እየጠየቋችሁ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። ቦታ ላይ ስትደርሱ ሦስት አማራጭ ግሶች አሉ፣ አራይቭ፣ ሪች፣ ጌት። «አራይቭ ኢን» ለከተማና ለአገር፣ «አራይቭ ኢን ዱባይ»። «አራይቭ አት» ለአንድ ነጥብ፣ ለኤርፖርት፣ ለሆቴል፣ ለጣቢያ። «ሪች» ምንም አያስከትልም፣ «ሪች ዱባይ»፣ አለቀ። «ጌት» ደግሞ «ቱ» ይፈልጋል፣ «ጌት ቱ ዱባይ»። በነገራችን ላይ «ሪች» ስትሉ «ሪ»ዋን ጎተት አድርጓት። ካሳጠራችኋት ሀብታም ሆናችሁ ቁጭ ነው።

እዚህ ላይ ኮሜንት ላይ በየጊዜው የሚመጣ ክርክር አለ። «ቱ ማለት ወደ ማለት ነው፣ ታዲያ አራይቭ ቱ ለምን ስህተት ይሆናል?» እሺ። እስኪ በአማርኛ ጮክ ብላችሁ በሉት፦ «ወደ ዱባይ ደረስኩ»። ጆሮ ይቆረቁራል፣ አይደል? «ወደ ዱባይ ሄድኩ» ይባላል፣ «ዱባይ ደረስኩ» ይባላል። «ወደ» መንገድ ላይ ላለ ሰው ነው። የደረሰ ሰው ጉዞውን ጨርሷል፣ ከእንግዲህ ወዴትም አይሄድም። ስለዚህ እንግሊዝኛው ከአማርኛችሁ ጋር ጠብ የለውም፤ ጠቡ ከለመዳችሁት «ቱ» ጋር ነው። «ጌት ቱስ?» ትሉኛላችሁ። «ጌት» ለብቻው ማግኘት ነው፣ መድረስ ነው፣ መሆን ነው፤ «ቱ»ን ስትጨምሩለት ነው ቦታ መሆኑ የሚታወቀው። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ፦ ቤት፣ እዚህ፣ እዚያ ሲሆን ሁሉም ይራገፋል። «ጌት ሆም»፣ «አራይቭ ሂር»፣ «ጎ ዜር»። «ጎ ቱ ሆም» የለም። የለም! ይሄን ለአንድ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት፣ ማን እንደሆነ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

አሁን መንገዱን ጨርሰን ወደ ስኬት እንግባ። ግብ ላይ መድረስ «ሪች ኤ ጎል» ወይም «አቺቭ ኤ ጎል» ነው። «አራይቭ»ን እዚህ አታስገቡት። ከባዱ ግን «ተሳካልኝ» ነው። በአማርኛ የሚሳካው ነገሩ ነው፣ እኔ ዳር ቆሜ «ልኝ» እላለሁ። እንግሊዝኛ ሰውየውን ፊት ያመጣዋል፦ «አይ ሰክሲደድ»። ሥራ ማግኘት ተሳካልኝ፣ «አይ ሰክሲደድ ኢን ፋይንዲንግ ኤ ጆብ»። «ኢን»፣ ከዚያ «ኢንግ»። «ኢት ሰክሲደድ ፎር ሚ» ካላችሁ አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፋችሁ ማለት ነው። «ተመረቅኩ» ላይም እንዲሁ ነው፤ «ተ» አለች ብላችሁ «ዎዝ» አትጨምሩ፣ «አይ ግራጁዌትድ ፍሮም» ብላችሁ የትምህርት ቤቱን ስም ቀጥሉ። «አሸነፍኩት» ደግሞ ሰው ከሆነ «ቢት» ነው፣ ጨዋታ ወይም ሽልማት ከሆነ «ዊን»።

«ማለፍ ቻልኩ»ስ? «አይ ኩድ ፓስ» አይደለም። «ኩድ» ድሮ የነበረ ችሎታ ነው፣ ለምሳሌ ልጅ እያለሁ ዋና እችል ነበር ለማለት። አንድ ቀን ገብታችሁ ያለፋችሁት ፈተና «አይ ማኔጅድ ቱ ፓስ» ነው፣ ወይም «አይ ዎዝ ኤብል ቱ ፓስ»። ካልቻላችሁ ግን «አይ ኩድንት ፓስ» ትክክል ነው። አዎ፣ ለወደቀ ሰው ቀለል ያደርጋል።

አሁን የምወዳት! እንግሊዝኛም ለካ አንድ ጋቢ አላት፦ «ሜክ ኢት»። በረራችሁ 22:30 ይላል። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4:30 ነው፤ 10:30 ብላችሁ አስልታችሁ እንዳትቀሩ። ትራፊኩን አልፋችሁ፣ በር ሊዘጋ ሲል ገባችሁ። «አይ ሜድ ኢት!» ለዓመታት ተምራችሁ ተመረቃችሁ። «አይ ሜድ ኢት!» ያው ቃል። ቅዳሜ ሠርግ ተጠርታችሁ «ካን ዩ ሜክ ኢት?» ከተባላችሁ ደግሞ መምጣት ትችላለህ ወይ ነው። ምን ልሥራ ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ ዶሮ አላዘዟችሁም።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉና እነዚህን ሦስቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ «ሻንጣዬ አልደረሰም»፣ «ቪዛ ማግኘት ተሳካላት»፣ «ማታ ቤት ደረስን»። የመጀመሪያው ላይ «ላጌጅስ» ብሎ የሚጽፍ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ላጌጅ «ኤስ» አይወድም። ሁለት ሻንጣ ቢሆን እንኳ «ቱ ፒስስ ኦቭ ላጌጅ» ነው። ቻው!