ሰንሰለት የታሰረበት በር

ወገኖቼ፣ እንዴት አመሻችሁ! እዚህ እንግሊዝ አገር ስለምናደርገው የዘንድሮ የእግር ጉዞ ትንሽ ተናገር ተብዬ ነው የተነሳሁት። እናገራለሁ። በፊት ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ።

ባለፈው መከር የወጣነውን ጉዞ ታስታውሳላችሁ አይደል? እናቶች ቆሎና ዳቦ ይዘው፣ ልጆቹ ፊት ፊት እየሮጡ። አንድ በር ላይ ስንደርስ ሰንሰለት ታስሮበት አገኘን። አዲስ ነው፣ ገና ያብለጨልጫል። «የግል ይዞታ» የሚል ጣውላም ተቸንክሯል። ካርታው ላይ ግን የሕዝብ የእግር መንገድ ነው፤ አረንጓዴዋ የተቆራረጠች መስመር በዚያው በር ነው የምታልፈው። ምን አደረግን? ተመለስን። «የሰው አገር ነው፣ ምን አገባን» ተባለ። እኔም ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያ ከሸፊልድ ስንወጣ ሁሌ የምናየው ተራራ፣ ኪንደር ስካውት፣ ድሮ የወል መሬት ነበር። በኋላ ታጠረ። ባለቤቶቹ ግራውስ የሚባለውን ቆቅ መሰል ወፍ የሚያድኑበት ሆነ፣ ሠራተኛው ሕዝብ ዝር እንዳይል ዘበኛ ቆመ። እንደ ፈረንጆቹ ኤፕሪል 24 ቀን 1932፣ እሑድ ዕለት፣ አራት መቶ ያህል ሰው ከተራራው ሥር ባለችው ሄይፊልድ መንደር ተሰብስቦ ወደ ላይ ወጣ። ከፊት የነበረው ቤኒ ሮትማን ነው፤ የ20 ዓመት ልጅ። ፖሊስ ማንቸስተር ባቡር ጣቢያ ሲጠብቀው እሱ በብስክሌት ሄይፊልድ ገባ! ድንጋይ ላይ ቆሞ ተናገረ፣ ከዚያ ሽቅብ ወጡ፣ ከዘበኞቹም ጋር ተጋፉ። ከወጡት ሰዎች አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ታሰሩ። ሮትማን አራት ወር ተፈረደበት።

ወላጆቹ ከየት የመጡ ይመስላችኋል? ከሩማንያ የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው። የስደተኛ ልጅ ነው! «የሰው አገር ነው» ብሎ አልተመለሰም። በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ፣ በ1951 ይኸው ተራራ ያለበት ፒክ ዲስትሪክት የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ በ2002 ደግሞ የዚያን ዘመኑ ባለመሬት የልጅ ልጅ፣ የዴቨንሻየሩ መስፍን፣ ሕዝብ ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። እኛ ታዲያ የማንን ፈቃድ ነው የምንጠብቀው? ግብር እንከፍላለን፣ ልጆቻችን እዚህ ተወልደዋል፣ መንገዱ ካርታ ላይ አለ! ልጄ ያን ቀን «አባዬ፣ ለምን ተመለስን?» ብላኛለች። መልስ አልነበረኝም።

የሕዝብን መንገድ መዝጋት ክልክል ነው፣ ማስከፈቱም የካውንስሉ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ግዴታ ነው። ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ አመልክቱ።

ሌላው ያው ነው። ጫማችሁ ውሃ የማያስገባ ይሁን፣ ተራራው በበጋም ጭቃ አያጣም። በጎች ባሉበት በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ መልሳችሁ ዝጉ። የባቡሩን ሰዓት በስልክ እልክላችኋለሁ።

ስለዚያ በር ለካውንስሉ የጻፍኩት ደብዳቤ ከቡናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። እስክሪብቶም አለ። ሳትፈርሙ እንዳትወጡ።