ባለቤቱ ማነው?

በዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ለጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የግቢያችን ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፣ የጥበቃ ሠራተኞቻችን፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

ዛሬ መስከረም 18 ነው። የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ለሰው ልጅ ያስገኘው ሉዊ ፓስተር በፈረንጅ አቆጣጠር 1895 ያረፈው በዚህ ዕለት በመሆኑ፣ ዓለም ቀኑን ለዚህ በሽታ መከላከያ መድቦታል። ኮሚቴው የጠየቀኝም ስለ ክትባት እንድናገር ነው፤ እደርስበታለሁ። ግን እዚህ ግቢ ቆሞ ስለ ውሻ እያወሩ የቡቺን ነገር ዘሎ ማለፍ ስለማይቻል ቅድሚያ ለእሱ ስጡልኝ።

ቡቺን የማያውቅ የለም። ቁርሱን ብሎክ 4፣ ምሳውን ብሎክ 9፣ ማታ ደግሞ ሥጋ ቤቱ በር ላይ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? እሱም በሁሉም ደጅ ስለበላ ለሁሉም ሲጮህ ኖረ። ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ አንድ ሚኒባስ ወደ ኋላ ሲል ዳሌውን ገጨው። የግቢው ሰው ተንጋግቶ ወጣ። እውነቱን እንነጋገር፤ የወጣው ሁሉ አዝኖ ነው፣ የጨከነ አልነበረም። አንዱ ሮጦ ሃይላንድ ውሃ አምጥቶ አፉ ውስጥ አንቆረቆረ። አንዷ ለወገቧ የታዘዘላትን ዲክሎፌናክ በዳቦ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ሌላው "ገለል በሉ!" ብሎ በፊት እግሮቹ ሊጎትተው ሲል እጁን ተነከሰ፤ ያውም ሁልጊዜ አጥንት የሚሰጠውን እጅ። ሁለት ሦስት ስልክ ከላይ ይቀርጻል። የሕክምናውም ገንዘብ እዚያው በቆሙበት ተዋጣ። ተጭኖ ክሊኒክ ደረሰ፤ ሐኪሙም ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ጠየቀ። ባለቤቱ ማነው?

አብረውት የሄዱት አምስቱም ተያዩ። አንዱ ቆይቶ "የሰፈሩ ነው" አለ።

ወገኖቼ፣ እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለዚያ መተያየት ነው።

ሐኪሙ ይህን የሚጠይቀው ደረሰኙን በማን ስም ልቁረጥ ብሎ ብቻ አይደለም። የደከመ እንስሳ ማደንዘዣ ሲወስድ ልቡ ሊቆም ይችላል። እግር መቆረጥ ሊኖርበት፣ ሥቃዩ የማይድን ከሆነም በመርፌ እንዲያርፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። ለዚህ ሁሉ እሺ ወይም እንቢ የሚል አንድ ሰው ይፈለጋል። የክትባት ካርዱን የሚያሳይም ይፈለጋል፤ እጁ የደማ ወጣት በር ላይ ቆሟላ! የነከሰ ውሻ ከነከሰ በኋላ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ታዲያ እነዚያን 10 ቀናት ማን ይጠብቀው? በሦስተኛው ቀን በጉዳቱ ቢሞትስ? ናሙናው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እንዲመረመር የሚሯሯጠው ማነው? በነገራችን ላይ ወጣቱ ውጤት መጠበቅ የለበትም። ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ፣ የተነገሩትን የክትባት ቀናትም አንድም ሳይዘል መጨረስ አለበት። ፀበሉም ጸሎቱም ከክትባቱ ጋር ይሁን እንጂ በክትባቱ ቦታ አይሁን። የበሽታው ምልክት አንዴ ሰው ላይ ከታየ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል። በድሮው ክትባት በየቀኑ አንድ እየተባለ ሆዳቸው ላይ 14 መርፌ የተወጉ ትልልቅ ሰዎች እዚህ መካከል አይጠፉም፤ የዛሬው እንደዚያ አይደለምና ማንም አይፍራ።

አሁን ወደዚያች ጠዋት እንመለስ። ቡቺን መኪናው ቢስተው እኛ ልንገድለው የምንችልባቸው መንገዶች ብዙ ነበሩ።

ውሃው አንዱ ነው። የደነገጠ፣ የደከመ ውሻ በወጉ አይውጥም፤ በግድ ያፈሰስንበት ሳንባው ይገባል። ምግብም ያው ነው፤ ጨጓራው ሞልቶ ማደንዘዣ ከወሰደ ያስመልሰውና ያንቀዋል። ሐኪም እስኪያየው ድረስ በአፉ ምንም አይግባ።

ዲክሎፌናኩ ደግሞ ይባስ። ደም ሲፈስ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ኩላሊት በዚያ ሰዓት ደም እንዳያጣ ሰውነት የሚዘረጋውን መከላከያ ይህ መድኃኒት ይዘጋዋል። ጨጓራንም ያቆስላል። አይቡፕሮፌንም ከዚሁ ወገን ነው። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበቱን ይጎዳል፣ ደሙም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። በዚያ ላይ ሐኪሙ ለውሻ የተሠራውን ማስታገሻ ሊሰጠው ሲፈልግ ከዋጠው ጋር እንዳይጋጭ እጁ ይታሰራል። የሰጣችሁት ነገር ካለ ሳታፍሩ ስሙንና መጠኑን ንገሩት።

ንክሻውን በተመለከተ፣ የሚያምም ቦታ ሲነካ የማይናከስ ውሻ የለም፤ ማብላታችሁ ዋስትና አይሆንም። አንድ ሜትር ገደማ ባንዴጅ ወይም ከነጠላ የተቀደደ ጨርቅ ውሰዱ። ቋጠሮውን ላላ አድርጋችሁ ከኋላው በኩል አፍንጫው ላይ አስገቡና አጥብቁ፤ ጫፎቹን አገጩ ሥር አንዴ አጣምሩ፤ ከጆሮው ኋላ እሰሩ። የሚያስመልሰውን፣ አየር ያጠረውን ወይም መንጋጋው የተሰበረውን ግን አፉን አትሰሩ፤ ጋቢ ራሱ ላይ ጣሉበት። ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ አንዱ ከአንገቱ ኋላና ከትከሻው፣ ሌላው ከዳሌው በታች ይዞ ሳንቃ ወይም ጠንካራ ካርቶን ላይ ሸርተት አድርጋችሁ አውጡት። ጀርባው መታጠፍ የለበትም፤ አከርካሪው ተሰብሮ ከሆነ በእግር መጎተት ሽባነቱን ያጸናዋል።

ከዚያ ድዱን እዩ። ሮዝ ከሆነ ደግ ነው። በጣት ተጭናችሁ ስትለቁ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ወይም ድዱ ነጭ ከሆነ ከውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል፤ ሰማያዊ ከሆነ አየር አላገኘም። ይህን በስልክ ቀድማችሁ ለክሊኒኩ ከነገራችሁ ግሉኮሱን አዘጋጅተው ይጠብቁታል። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ 5 ደቂቃ ሳትገልጡ ተጫኑ፤ ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቡበት እንጂ አታንሱት። የወጣ አጥንት ወደ ውስጥ አይገፋም፤ በንጹሕ ርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ጭኑ የተሰበረን እንጨት አታስሩለት፤ ማሰሪያው ከስብራቱ በታች ስለሚቀር ክብደት ሆኖ አጥንቱን ያወዛውዘዋል። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ናፍጣ፣ ይቅርባችሁ። ለማጠቢያ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 9 ግራም፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል።

"ቆሞ ሄደ እኮ፣ ምንም አልሆነም" የሚባለውም አያታላችሁ። የተቀጠቀጠ ሳንባ እስከ ሁለተኛው ቀን እየባሰ ይሄዳል። ድያፍራሙ፣ ማለትም ደረቱን ከሆዱ የሚለየው ጡንቻ፣ ተቀዶ አንጀቱ ደረቱ ውስጥ የገባ ውሻ ቀናት ቆይቶም ሊወድቅ ይችላል፤ መተኛት እንቢ ብሎ ተቀምጦ የሚያለከልክ ከሆነ ጠርጥሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልሸና የሽንት ፊኛው ፈንድቶ ወይም ነርቩ ተጎድቶ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ያበደ ውሻ መኪና አያይምና ይገጫል። መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ ቁስል ሳይኖርበት የሚንገዳገድ ውሻ ካያችሁ አጥንት ሰንቅሮት ነው ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ! ልጆችን አርቁ፣ ባለሙያ ጥሩ።

ቡቺ ዳሌው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። የዳሌ ስብራት መገጣጠሚያውን ካልነካና ውሻው ከሸና ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። መድኃኒቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መታገድ ነው፤ ሊዞርና ሊተኛ የሚበቃው ጠባብ ቦታ፣ የማያንሸራትት ምንጣፍ፣ ለሽንት ብቻ በገመድ መውጣት፣ ደረጃ የለም፣ ዝላይ የለም። እንግዲህ አስቡት! ለራጅ የሚያዋጣ ሃምሳ ሰው ተገኘ፤ ለስምንት ሳምንት አንድ ጥግ የሚሰጥ ግን ጠፋ። አንዱ ልጆች አሉኝ አለ፣ አንዱ ተከራይ ነኝ አለ፣ አንዱ ቤቴ ውሻ አይገባም አለ። በመጨረሻ የፈረሙት ከሁላችን ያነሰ ክፍል ያላቸው የሌሊት ጥበቃችን ናቸው። (እዚህ ላይ ብታጨበጭቡላቸው አልቃወምም፤ ግን ጭብጨባው ለሌሎቻችን አይተርፍም።)

ቤቴ አይገባም ለሚል ሰው መልስ አለኝ። ማንም ሶፋ ላይ አስተኙት አላለም። በረንዳ ሥር፣ ከዝናብና ከብርድ የተጠለለ ቦታ ይበቃዋል። ሙስሊሙ ወገናችን ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው ሐዲስ ያውቃል። ክርስቲያኑም የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች መሆናቸውን ያውቃል። እነዚያው ውሾች የራሳቸውን ቁስል ሲልሱ ግን ስፌቱን ይፈቱታልና፣ ክሩ እስኪወጣ ከ10 እስከ 14 ቀን ከባልዲ ወይም ከካርቶን የተቆረጠ አንገትጌ ይደረግለት።

ሕግ የሚፈራም አለ፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ አምልጦትም ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል። ታዲያ ብልጠታችን ምን ሆነ? ማብላት በጋራ፣ መጠየቅ ሲመጣ ማንም! የተነከሰው ልጅ እናት ማንን ትክሰስ? ከተከተበ፣ ከታሰረና ከተጠበቀ ውሻ ጋር ተጠያቂ መሆን፣ ሃያ ያልተከተበ ውሻ መካከል ተጠያቂ ሳይሆኑ ከመኖር ለልጆቻችን ይሻላል።

ባለቤት የሌለው ውሻ መጨረሻውን ደግሞ ሁላችንም አይተናል። በከተሞቻችን ውሻ በዛ ሲባል መፍትሔው ስትሪክኒን ያለበት ሥጋ ሲሆን ኖሯል። ይህ መርዝ አያስተኛም። እንስሳው እያወቀው ጡንቻው ሁሉ ይገተርና ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል፤ ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚያልፉት በዚያ በኩል ነው። ሥጋው የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። የቆሻሻ ገንዳው እንዳለ ስላለ ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ውሻ ይመጣና ቦታውን ይይዛል። ገንዘባችንን ከፍለን በሽታን እንጋብዛለን! የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግልጽ ነው፤ በሽታውን የሚያቆመው ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ ነው። በግቢያችንና በዙሪያው 30 ውሻ ቢኖር 21 መርፌ ማለት ነው። ሃያ አንድ! ይህ አቅቶን ነው መርዝ የምንለምነው?

የቀረውን በአጭሩ ልበል። የዳነን ውሻ ቤት የሚያስገባ ሰው የእብድ ውሻ ክትባቱን ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ያስከትበው፣ በየዓመቱም ይድገመው። ያልተከተበና የሌላ ውሻ ንክሻ ያለበት ከሆነ በሽታው ወራት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ከልጆችና ከሌሎች ውሾች ለይቶ ሐኪሙ እስከሚለው ድረስ ይጠብቀው። የከሳውን በአንድ ጊዜ አታጥግቡት፤ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት። ወጥ የነካው እንጀራ አይሰጥ፤ ሽንኩርት ደሙን ያጠፋል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም አንጀት ይበሳል። በበዓል እርድ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት ለውሻ መጣል ደግሞ የኮሶ ዘር የሆነውን ትል ወደ ውሻው፣ ከውሻው ወደ ልጆቻችን መመለስ ነው፤ ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ውሻውም ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል መድኃኒት ይሰጠው። ማምከኑ ካገገመ በኋላ ይደርሳል፤ ሴቷ በ63 ቀን እንደምትወልድ ግን አትርሱ።

ስትወጡ በሩ ላይ ደብተር አለ። በግራ የውሻው መልክና ጾታ፣ በቀኝ የአንድ ሰው ስም፣ የቤት ቁጥርና ስልክ ይጻፋል። "ብሎክ 9" ተብሎ የተጻፈ አንቀበልም። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ክትባቱ እዚሁ ግቢ ይሰጣል። ውሻውን በገመድ ይዞ የሚመጣው ስሙ የተጻፈው ሰው ራሱ ይሁን፤ ልጅ አትላኩ፣ ውሻ ለውሻ ሲጣላ ልጅ መያዝ አይችልም። ገመድ የሌላችሁ ከጥበቃ ክፍሉ መውሰድ ትችላላችሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።