የቤተልሔም ጫጩት

እንደምን አመሻችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ሱቃችሁን በጊዜ ዘግታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ማለዳ ሥራ እንዳለባችሁ አውቃለሁ፤ አላስረዝምም።

ስለ ከረሜላ ላውራችሁ።

ሳም ቦርን ከሩሲያ የመጣ ስደተኛ ነው። አሜሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። በ1916 ሎሊፖፕ ላይ እንጨቱን የሚሰካ ማሽን ሠራ። ሳንፍራንሲስኮ የከተማዋን ቁልፍ ሸለመችው። በ1923 ብሩክሊን ውስጥ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ከረሜላው የዕለት የዕለት መሆኑ እንዲታወቅለት በገዛ ስሙ ተጫወተና «ጀስት ቦርን» አለው፤ አሁን የተወለደ እንደማለት። አርማው ላይ ሚዛን ውስጥ የተኛ ሕፃን ነበር። በ1932 ደግሞ ከአማቾቹ ጋር ሆኖ ፔንስልቬንያ ወዳለችው ቤተልሔም ተዛወረ። አሁን የተወለደው ቤተልሔም ገባ! እኛ ብንሆን «ትንቢት ነው» እንል ነበር።

እስከዚህ ያለውን እናንተም ኖራችሁታል። የዛሬው ጉዳዬ ልጁ ነው።

ቦብ ቦርን ፊዚክስና ምህንድስና ተምሯል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ኃይል ነበር። ከዚያ ሐኪም ሊሆን አሰበ። ትምህርቱ እስኪጀመር ብሎ አባቱ ፋብሪካ ገባ። በዚያው ቀረ። «ዶክተር ይሆናል ስንል ከረሜላ ውስጥ ገባ!» የሚለው ለቅሶ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የስንታችን ቤት ለቅሶ ነው?

በ1953 ኩባንያቸው ላንካስተር የነበረውን ሮዳ የተባለ ከረሜላ ፋብሪካ ገዛ። ሮዳ የታወቀው ጄሊ ቢን በሚባለው ባቄላ መሳይ ከረሜላ ነው። ግን እዚያው ውስጥ ሠራተኞች ማርሽሜሎ የሚባለውን ለስላሳ የስኳር አረፋ በከረጢት እየጨመቁ ቢጫ ጫጩት ይሠሩ ነበር፤ አንድ በአንድ፣ በእጅ። አንዷ ጫጩት እስክታልቅ 27 ሰዓት! ቦብ ከፋብሪካው መሐንዲስ ጋር ሆኖ ማሽን ሠራላት። ዛሬ 6 ደቂቃ ይበቃታል። ድሮ ክንፍ ነበራት፣ መንገድ ላይ ቀረ። እኔን ይቆጨኛል። ፒፕስ የምትባለው እሷ ናት፤ በፈረንጅ ፋሲካ ሰሞን ሱፐርማርኬት የገባ ሁሉ ያውቃታል።

ቦብ በ2023 በ98 ዓመቱ አረፈ። ኩባንያው ዛሬም የቤተሰቡ ነው።

እኔ ያደግኩት እናቴ እንጀራ ቤት ውስጥ ነው። በ15 ዓመቴ እንጀራው ከምጣድ ቶሎ የሚነሳበትን ዘዴ ደብተር ላይ ስዬ አሳየኋት። «አርፈህ ትምህርትህን ተማር» አለችኝ። አረፍኩ፣ ተማርኩ።

እና እለምናችኋለሁ፣ ልጆቻችሁ ቅዳሜ ሲመጡ ካሸር ላይ ብቻ አታስቀምጧቸው። ሊጡ ጋ ይግቡ። ምጣዱንም ይፍቱት፤ ዋስትናው ካለቀ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

እናቴ ያቻት፣ ከኋላ ተቀምጣለች። ደብተሩን ባለፈው ሳምንት ዕቃ ቤት አገኘሁት። አልጣለችውም። የሥዕሉ ጀርባ ላይ የጤፍ ሒሳብ ጽፋበታለች።