የዲዋሊ መብራትና የፎል ቅጠል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ሂንዱዎች ስለሚያከብሩት የመብራት በዓል ስለ ዲዋሊ፣ ቅጠል ቀለሙን ቀይሮ ስለሚረግፍበት ወቅት ስለ ፎል፣ ሁለቱንም ፎቶ ስለ ማንሳት ላወራችሁ ነው።

ድሮ ፎል ሲመጣ ይከፋኝ ነበር። ቀኑ ያጥራል፣ ብርዱ ይገባል። እዚህ ቨርጂኒያ ይህን ያስረሳኝ የፊት ለፊት ጎረቤቶቼ በዓል ነው። ከጉጃራት የመጡ ሕንዶች ናቸው።

በ2025 ዲዋሊ የዋለው ኦክቶበር 20 ነበር፤ በእኛ ጥቅምት 10 መሆኑ ነው። ሰኞ፣ የሥራ ቀን። ገናን ሥራ ላይ ያሳለፈ ሐበሻ ስሜቱን ያውቀዋል። አገራቸው ቢሆን ቀናት የሚዘልቅ ደስታ ነው። እዚህ አባትየው ከሥራ ገብተው ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ነው መብራት መለኮስ የጀመሩት። እናትየው ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብለው ራንጎሊ የሚባለውን የመሬት ላይ ሥዕል ይሠራሉ። ባለ ቀለሙን ዱቄት በሁለት ጣት ቆንጠር አድርገው በቀጭኑ ይለቁታል። ቀስ እያለ የሎተስ አበባ ይወጣል። ዙሪያውን ዲያ ይደረደራል። ዲያ ትንሽ የሸክላ መብራት ነው፤ ዘይት ወይም ቅቤ ይጨመርበትና የጥጥ ክሩ ይለኮሳል።

ዲዋሊ የሚከበረው ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ነው። የሂንዱው አምላክ ራማ ከስደት ወደ ከተማው አዮድያ ሲመለስ ሕዝቡ መብራት አብርቶ ተቀበለው ይባላል። እና ፎቶ ስታነሱ እባካችሁ ፍላሽ አታብሩ! ጨለማው የበዓሉ አካል ነው። ስልካችሁ ላይ ነበልባሉን ነካ አድርጉና ብርሃኑን ቀንሱት። ምርጡ ሰዓት ፀሐይ ጠልቃ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲያልፍ ነው፤ ሰማዩ ገና ጥቁር ሰማያዊ ነው።

ቅጠልም ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ነው የሚያምረው። በዚያው ሰሞን እዚሁ ቨርጂኒያ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ስካይላይን ድራይቭ ሄጄ ነበር። 169 ኪሎ ሜትር ተራራ ለተራራ የሚሄድ መንገድ ነው። ሰው ሁሉ መኪናውን አቁሞ ሸለቆውን ያነሳል። ለእኔ ግን አንድ ቅጠል ይበልጥብኛል። ፀሐይን ከጀርባው አድርጋችሁ ተጠግታችሁ አንሱት፤ መስመሮቹ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ቢጫው እኮ በጋውን ሙሉ እዚያው ነበር፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው። ቀዩ ግን በአብዛኛው በዚሁ ወቅት አዲስ የሚሠራ ነው።

እናትየው የዲያዎቹን ፎቶ ሕንድ አገር፣ አህመዳባድ ላሉት እናታቸው በዋትስአፕ ላኩላቸው። ከኋላ ቅጠሉ የቀላ የሜፕል ዛፍ ይታያል። በማግስቱ መልስ መጣ፦ «ዛፉን ምን ነካው?» በጣም ሳቅን።

የ2026ቱ ዲዋሊ ኖቬምበር 8፣ እሑድ ነው። ተራራው ላይ ያኔ አብዛኛው ቅጠል ይረግፋል፤ እኛ ሰፈር ግን ገና ይኖራል። የሚያከብር ጎረቤት ካላችሁ ጎራ በሉና እንኳን አደረሳችሁ በሏቸው። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ፈቃድ ጠይቁ። ቻው!